ጥቂት ሳለ ያልታየ፤ የአንበጣ ጥበቃ ታሪክ በቀይ ባሕር በወዲህና በወዲያ ማዶ

ስለ ስሙ

መጻሕፍትን የተማረ ሰው ሁሉ የአንበጣን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። በኦሪት ዘፀአት የምሥራቅ ነፋስ አምጥቶ የግብፅን ምድር እንዳለበሰው፥ ኋላም የምዕራብ ነፋስ አንሥቶ በኤርትራ ባሕር እንደ ጣለው ተጽፏል። በነቢዩ በኢዮኤል መጽሐፍ ደግሞ የዐማርኛው ትርጕም አራት ስሞችን ያስከትላል፤ እነርሱም ተምች፥ አንበጣ፥ ደጎብያ፥ ኩብኩባ ናቸው። ዛሬ በገበሬው አነጋገር ተምች እህል የሚበላው ትል ነው። ኩብኩባም ገና ክንፍ ሳያበቅል በምድር ላይ እየዘለለ የሚሄደው የአንበጣ ልጅ ነው። በባሕሩ ማዶ ያሉት ዐረቦችም እንዲሁ በራሪውን ጀራድ፥ ኩብኩባውን ደባ ብለው ይለዩታል።

ሁለቱ ሕዝቦች አንዱን ፍጥረት በየዕድሜው በተለያየ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኩብኩባ የተባለው ገና በእግሩ የሚሄድና የሚደረስበት ነው፤ አንበጣ የተባለው ግን ክንፍ አውጥቶ ነፋሱን ተሳፍሮ የሄደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚተረከውም በእነዚህ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ጊዜ፥ ያውም አርባ ቀን ያህል ብቻ የሆነው፥ በምን ዐይነት ድካም እንደ ተጠበቀና በምን ምክንያት እንዳመለጠ ነው።

ስለ አል-ሐርስና ስለ ቲሃማ ምድር

በሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት በደቡብ ምዕራብ ጫፍ የጂዛን አገር አለ። በዚህም አገር ውስጥ ከየመን ጋር የሚዋሰነው ወረዳ አል-ሐርስ ይባላል፤ ዋና ከተማውም አል-ኹባ ናት። በምዕራብ በኩል ቲሃማ የሚሉት ሞቃትና አሸዋማ የባሕር ዳር ሜዳ ተዘርግቷል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ተራራው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ከተራራው የሚወርዱት፥ ዐረቦች ዋዲ የሚሏቸው ወንዞች ዝናም ሲዘንም ጐርፈው ሜዳውን ያጠጡታል። በሜዳው ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል፤ የማንጎ ተክልም ይለማል። በፈይፋ ተራራና በአካባቢው ባሉት እርከኖች ላይ ቡና ይተከላል፤ የዚህም የኸውላኒ ቡና አተካከል ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል።

ይህ አገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። የሰማዕታቱ ከተማ ናግራን ከዚሁ ተራራ ማዶ በሰሜን ምሥራቅ ትገኛለች። ንጉሥ ካሌብም በ6ኛው ምእት ዓመት ሠራዊቱን በመርከብ አሳፍሮ የተሻገረው ይህንኑ ባሕር ነው። የባሕሩ ስፋት በብዙ ስፍራ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በደቡብ በባብ ኤል መንደብ ግን እጅግ ይጠብባል። አንበጣ ነፋስ ከቀናለት በአንድ ቀን ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ባሕሩንም ሳያርፍ በርሮ መሻገር ልማዱ ነው። ስለዚህ ለዚህ ፍጥረት ቀይ ባሕር ድንበር አይደለም፤ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ አንድ ቤት ናቸው።

ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው የዝናሙ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ደጋ በጋ በሆነ ጊዜ፥ ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ፥ በቀይ ባሕር በሁለቱ ዳርቻ ዝናም ይዘንማል። አንበጣው በዚያ ወራት በቲሃማ፥ በኤርትራና በሱዳን የባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ ይራባል። የባሕሩ ዳር ሲደርቅ ወደ ውስጥ አገር ይሄዳል፤ በክረምትም በየመን ምድረ በዳ፥ በአፋርና በሱዳን ሜዳ ይወልዳል። እንዲህ ዝናሙን እየተከተለ ስለሚዞር፥ በአንዱ ዳርቻ ያልተጠበቀው ነገር በሌላው ዳርቻ የሚታጨደውን እህል ያጠፋል።

የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ

በጥንት ዘመን የአንበጣ መምጣት የሚታወቀው ከደረሰ በኋላ፥ ወይም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ድረስ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጻፈው የጉዞ ታሪክ ይህንን መቅሠፍት በሰፊው ተርኳል። በድባርዋ አቅራቢያ ያለው ሕዝብ በአንበጣ ምክንያት ተጨንቆ፥ ካህናቱ ከሕዝቡ ጋር ምሕላ ይዘው እንደ ዞሩ፥ እህሉ ያለቀበትም ሰው ልጆቹን አዝሎ ከአገሩ እንደ ተሰደደ ይነግራል። ሕዝቡ የአንበጣውን መምጣት አንድ ቀን አስቀድሞ የሚያውቀው የፀሓዩ ብርሃንና የምድሩ መልክ ወደ ቢጫነት ሲለወጥ እንደ ሆነም ጽፏል። በዚያ ዘመን የነበረው ማስጠንቀቂያ እንግዲህ የአንድ ቀን ብቻ ነበረ። በአንድ ቀን ደግሞ ያልበሰለ እህል አይታጨድም፤ ጐተራም አይሞላም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የሆነው፥ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚያስታውሰው ረኃብ በመጣ ጊዜም ነገሩ እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ምጽዋ በመርከብ ከገቡ ከብቶች ጋር የከብት ደስታ ገባና በአጭር ጊዜ የኢትዮጵያን በሬ ፈጀው። በላዩም ድርቅ ተጨመረ፤ አንበጣና ተምችም የተረፈውን አዝመራ በሉ። የከብቱ በሽታ በአንድ ወደብ ብቻ ገብቶ ሳለ ያወቀው፥ ያገደውም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ከብት የቀረው ገበሬ ጥቂት ነበር፤ ያለ በሬም ማረስ አልተቻለም።

ጠባዩ የታወቀበት ዘመን

ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ፥ አንበጣ በማይታይባቸው ዓመታት ወዴት ይሄዳል የሚል ነበር። መልሱን ለማግኘት በሩን የከፈተው በሩስያ ግዛት የተወለደው፥ ኋላም ወደ ለንደን የሄደው ቦሪስ ኡቫሮቭ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ጽሑፍ፥ ሁለት ዐይነት አንበጦች ናቸው ተብለው በተለያየ ስም ይጠሩ የነበሩት አንድ ፍጥረት መሆናቸውን አስረዳ። አንበጣ ብቻውን ሲሆን ዐይን አፋር ነው፤ መልኩም ምድሩን ይመስላል፤ በሌሊት ይበራል፤ ማንንም አይጎዳም። ዝናም ዘንሞ ሣሩ ሲበዛ ይራባል። ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ የተረፈው ልምላሜ ባለበት በጠባብ ስፍራ ይሰበሰባል፤ እዚያም እርስ በርሱ ሲነካካ ጠባዩም መልኩም ይለወጣል። አረንጓዴ የነበረው ኩብኩባ ጥቁርና ቢጫ ይሆናል። ብቸኛው ማኅበርተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርመራ ይህ ለውጥ የሚጀመረው በሰውነቱ ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር ሲበዛ መሆኑን አስታውቋል።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ቀላል ቢመስልም ታላቅ ነው። የበረሓው አንበጣ ከሰማይ የወረደ ሠራዊት አይደለም፤ በታወቀ ምድር፥ በታወቀ ወራት፥ ከጥቂቶች የሚጀምር ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን በረጠበ አሸዋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጠልቃ ትጥላለች። በሞቃት አገር በሁለት ሳምንት ያህል ይፈለፈላል፤ ኩብኩባውም አምስት ጊዜ ቆዳውን ገፎ ክንፍ ያወጣል። አንዱ ትውልድ ሦስት ወር ያህል ሲፈጅ፥ ዝናሙ ከተመቸው ቍጥሩ ሃያ እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ ሃያው ሃያ ጊዜ ሲባዛ አራት መቶ፥ ያም ደግሞ ሃያ ጊዜ ሲባዛ ስምንት ሺህ ነው። በዘጠኝ ወር አንዱ ስምንት ሺህ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይገኛል፤ እያንዳንዱም በቀን ክብደቱን ያህል፥ ማለት 2 ግራም ይበላል። ትንሹን ቍጥር እንኳ ብንወስድ ይህ በአንድ ቀን 800 ኩንታል ልምላሜ ነው።

በግመል የሄዱት መርማሪዎች

የኡቫሮቭ ትምህርት ከታወቀ በኋላ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1931 በሮም፥ በ1932 በፓሪስ፥ በ1934 በለንደን፥ በ1936 በካይሮ፥ በ1938 በብራስልስ እየተሰበሰቡ ስለ አንበጣ ተመካከሩ። በለንደንም ከየአገሩ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በካርታ ላይ ይሰፍር ጀመር። ዜና ዋሎፍ የተባለችው ሴት መርማሪ ከዚህ ሥራ ጋር ረጅም ዘመን ኖራ፥ የአንበጣውን መነሣትና መውደቅ የሚያሳይ ሰፊ ታሪክ አዘጋጅታለች። አገር ገዢው፥ የመርከብ አዛዡ፥ የበረሓ ነጋዴው፥ ሁሉም ያየውን ይጽፍ ነበር። ማንም ያልረገጠው ምድር ግን በካርታው ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ያን ባዶ ስፍራ ለመሙላት ከተላኩት ሰዎች አንዱ በአዲስ አበባ የተወለደ ነበር። ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1910 በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ተወለደ፤ አባቱ በዚያ የመንግሥቱ መልእክተኛ ነበርና። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ፥ በመካከለኛው ምሥራቅ የአንበጣ መከላከያ ክፍል የሚሠራውን ኦ. ቢ. ሊንን እዚያው አዲስ አበባ አገኘውና ለዚህ ሥራ ተቀጠረ። የተላከበትም ምክንያት ከዶፋር ተራራ ወደ ሩብዕ አል-ኻሊ፥ ማለት ባዶው ሩብ ወደሚባለው ታላቅ የአሸዋ ምድረ በዳ የሚወርደው ጐርፍ አንበጣ የሚራባበትን ልምላሜ ያበቅል እንደ ሆነ ለመመርመር ነበር። ከበደዊን ሰዎች ጋር በግመል እየሄደ እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1948 ባለው ጊዜ ያንን ምድረ በዳ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። በእነዚሁ ዓመታት በሒጃዝና በዐሲር ተራራዎች፥ በቲሃማም ሜዳ ተጕዞ እስከ ጂዛን ደርሷል። ስሙ በዓለም የታወቀው በመንገደኛነቱ ነው፤ የእንጀራው ሥራ ግን ኩብኩባ ፍለጋ ነበረ።

በዚያን ጊዜ የተገኘውን ኩብኩባ የሚገድሉት በፉርሽካ ላይ መርዝ ደባልቀው በመንገዱ እየበተኑ ነበር። ይህን ለማድረግ ብዙ መኪናና ብዙ ሰው በዐረብ አገር ምድረ በዳ ውስጥ ተሰማርቷል።

የማኅበራቱ መቋቋም

ጥበቃው ገና ባልጠነከረበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1958፥ ማለት ከ1950 ወደ 1951 ዓ.ም. በሚሻገረው ጊዜ፥ በኢትዮጵያ ላይ ከባድ ጥፋት ደረሰ። አንበጣው 167,000 ቶን እህል አጠፋ፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። ከዚህም በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት በአዲስ አበባ ተሰብስበው ነሐሴ 16 ቀን 1954 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 22 ኦገስት 1962) ስምምነት ተፈራረሙ፤ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሓ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት የእርሻና የምግብ ድርጅት ጥላ ሥር፥ የቀይ ባሕርን የሁለቱን ዳርቻ አገሮች የሚያገናኝ ኮሚሽን ተመሠረተ። ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዐረቢያም የመንም በዚህ ኮሚሽን ውስጥ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የወሬው ማእከል ከለንደን ወደ ሮም ተዛወረ፤ ከዚያም በየወሩ መግለጫ ይወጣል።

አሰሳው እንዴት እንደሚደረግ

የአንበጣ አሰሳ በእግርና በትዕግሥት የሚሠራ ሥራ ነው። አስቀድሞ ዝናም የዘነመበትና ምድሩ የለመለመበት ስፍራ ይለያል፤ ይህም ዛሬ በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች በሚገኝ ሥዕል ይታወቃል። ነገር ግን ሳተላይት ሣሩን እንጂ በሣሩ ውስጥ ያለውን ጥቂት አንበጣ አያይም። ስለዚህ አገሩን የሚያውቁ ሰዎች በሁለት መኪና ሆነው ይሄዳሉ። በበረሓ አንዱ መኪና ቢሰበር ሁለተኛው እንዲያወጣቸው ነው።

ከዋዲው ሲደርሱ ከመኪናው ወርደው በልምላሜው መካከል እየተራመዱ በፊታቸው የሚነሣውን አንበጣ ይቈጥራሉ። ምድሩን ቈፍረው እርጥበቱ ስንት ጣት ጠልቆ እንደ ሄደ ያያሉ፤ ምድሩ ከላይ ደርቆ ከታች ርጥብ ሊሆን ይችላልና። የቁጥቋጦውን ግርጌ ገለጥ አድርገው ኩብኩባ ይፈልጋሉ። አረንጓዴ ሆኖ ካገኙት ብቸኛ ነው፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከጀመረው ጊዜው እየቀረበ ነው። በራሪውንም በመልኩ ይለዩታል፤ ከመንጋው የሆነው ጕርምስና ላይ ሳለ ቀይ ዳማ፥ ለእንቁላል ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። እረኛ ካገኙም ያየውን ይጠይቁታል። እረኛ ከመርማሪው ይልቅ ምድሩን ያውቀዋልና፥ ከብዙ መሣሪያ ይልቅ የእርሱ ቃል የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ በቅጽ ይጻፋል። በቀድሞ ዘመን ቅጹ በፖስታና በቴሌግራም ይላክ ነበር፤ ሳምንታትም ይወስድ ነበር። በዘመናችን ግን መርማሪው በእጁ በያዘው ትንሽ መሣሪያ ጽፎ ወዲያው በሳተላይት ወደ ዋናው ከተማ ይልከዋል። በጂዛን ሜዳ የተጻፈው ቍጥር ወደ ጂዳ፥ ከጂዳም ወደ ሮም ይደርሳል፤ ከሮምም ለአዲስ አበባ ይነገራል።

ከሁሉም ይልቅ የሚደንቀው ግን በቅጹ ላይ «ምንም አልታየም» የሚለው ቃል እንደ ታላቅ ወሬ መቈጠሩ ነው። ሄዶ አይቶ አልታየም የሚል ሰውና፥ ሳይሄድ አልታየም የሚል ሰው አንድ ቃል ይናገራሉ፤ እውነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የፊተኛው ቃል አገር ያሳርፋል፤ የኋለኛው ቃል አገር ያስበላል። ከብዙ ዓመታት ሰላም በኋላ ለአሰሳው የሚሰጠው ገንዘብ ሲቀነስ፥ መኪናው ሲያረጅ፥ የተማረው መርማሪ ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር፥ ሁለቱ ቃላት መመሳሰል ይጀምራሉ።

ያልታየው ዓመት

ይህ ነገር በዘመናችን ተፈጽሞ ታይቷል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በሩብዕ አል-ኻሊ ላይ ዝናም አወረደ፤ በአሸዋው መካከል ሐይቆች ቆሙ። ምድረ በዳው ሊደርቅ ሲል በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለው ሁለተኛ ዐውሎ ነፋስ ደገመው። ቴሲጀር በግመል የመረመረው፥ ኡቫሮቭም የጠረጠረው ያ ምድር ለመለመ። ነገር ግን መንገድ የሌለበት ሩቅ ስፍራ ስለ ነበረ በዚያ የሚራባውን ማንም አላየውም። በዘጠኝ ወር ውስጥ ሦስት ትውልድ አለፈ፤ ቍጥሩም ስምንት ሺህ እጥፍ ሆነ።

በጥር 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ መንጋዎች ከምድረ በዳው ወጡ። ወደ ሰሜን የሄደው ኢራንን፥ ከዚያም ፓኪስታንንና ሕንድን አጠቃ። ወደ ደቡብ የሄደው የመን ገባ። የመን ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በከባድ ጦርነት ውስጥ ስለ ነበረች፥ መርማሪው የሚፈልገው ሸለቆ ተዋጊው የያዘው ሸለቆ ነበር፤ ስለዚህ ብዙው ስፍራ ሳይታይ ቀረ። ከሰኔ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ አንበጣው ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሊያ ላይ ሌላ ዐውሎ ነፋስ ወርዶ ረኃቡን ለሚያመጣው መንጋ ሣር አበቀለለት።

በዚያ ዓመት በዐማራ አገር በምሥራቁ በኩል ለአጨዳ የደረሰ ጤፋቸው ፈጽሞ የጠፋባቸው ገበሬዎች ነበሩ። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ 2012 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የሚበርረው የኢትዮጵያ አውሮፕላን መስተዋቱ በአንበጣ ስለ ተሸፈነ ማረፍ አልቻለም፤ ወደ አዲስ አበባም ሄዶ ዐረፈ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. መንግሥትና የእርሻና የምግብ ድርጅት ባወጡት ግምት፥ በኢትዮጵያ 200,000 ሄክታር ያህል እርሻ ተጐድቶ 356,000 ቶን እህል ጠፍቶ ነበር፤ ለአንድ ሚሊዮን ያህል ሰውም የሚበላው ጐደለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መንጋው ዳግመኛ መጥቶ በራያ ቆቦ ሜዳ በማሽላውና በጤፉ ላይ ወረደ። ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፥ ቆርቆሮ እየመታ፥ ጭስ እያጤሰ፥ ልጁም ሽማግሌውም ከንጋት እስከ ማታ ሲጮኽ ዋለ። ከአንዱ ማሳ የተባረረው በጎረቤቱ ማሳ ያርፋል እንጂ አይጠፋም። በካህናቱም ዘንድ ምሕላ ነበረ። አልቫሬዝ ካየው ዘመን እስከዚህ ቀን 500 ዓመት ቢያልፍም፥ በማሳው ዳር የቆመው ገበሬ የሚያደርገው ያንኑ ነበር።

በድንበር ላይ ያለው ችግር

እንግዲህ የአል-ሐርስ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ቲሃማ የሚባለው ሜዳ ከጂዛን እስከ የመን ወደቦች ድረስ አንድ ምድር ነው፤ ሰው በመካከሉ ድንበር አደረገ እንጂ አሸዋውም ዋዲውም አልተከፈለም። በጥቅምት መጨረሻ 2002 ዓ.ም. በጀበል ዱኻን አካባቢ ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአል-ሐርስ መንደሮች ነዋሪዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ከመጋቢት 2007 ዓ.ም. በኋላም ድንበሩ ዳግመኛ የጦር ስፍራ ሆነ። ገበሬው የወጣበት መንደር የሚያርሰው ብቻ ሳይሆን የሚያየው ሰውም አጣ። በማሳው መካከል የሚመላለስ ሰው ሳለ፥ በማሽላው ቅጠል ላይ የታየው ያልተለመደ ነገር በዚያው ቀን ይነገር ነበር። ሰው ከሄደ በኋላ ግን ማሳው ተከፍቶ እንደ ቀረ ቤት ይሆናል፤ ማን እንደ ገባበት አይታወቅም።

ሌላም ነገር አለ። በዚያ ድንበር ከየመን በኩል ተሻግረው በእረኝነትና በእርሻ ሥራ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ከእነዚህም መካከል የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ብዙ ነው። ፍየል ይዞ በዋዲው ውስጥ የሚውል ሰው ኩብኩባውን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን ሹም ፊት ለመቆም የሚፈራ ሰው ያየውን እንዴት ይናገራል? ጥበቃ በመሣሪያ ብቻ አይቆምም፤ ያየው ሰው ሳይፈራ የሚናገርበት ስፍራም ያስፈልገዋል።

ስለ ተምችና ስለ ከብት ደስታ

አንበጣ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው፤ መጥቶ የሚቀር ጠላት ግን ከዚህ ይከፋል። በነቢዩ ዝርዝር መጀመሪያ የተጠራው ተምች በዘመናችን አዲስ ዘመድ አምጥቷል። ይህም የአሜሪካ መጤ ተምች የተባለው ነው። በአፍሪካ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ በኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. በበቆሎ ላይ ተገኘ፤ ባሕሩንም ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በየመን ታየ። የእሳት ራቱ በሌሊት ሩቅ ይበራል፤ ትሉም በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። አገር ከለመደ በኋላ ፈጽሞ የሚነቅለው አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ የሚደረገው ጥበቃ የሴቲቱን ሽታ የያዘ ወጥመድ በየመንደሩ እየሰቀሉ፥ ወንዱ ሲገባበት በየጊዜው እየቈጠሩ፥ ገበሬውም በየሳምንቱ በማሳው ውስጥ እየዞረ የበቆሎውን እምብርት እንዲያይ ማድረግ ነው። አዲስ መጤን በመጀመሪያዋ ማሳ ያላየ ሰው ሁለተኛ ዕድል አያገኝም።

ተስፋ የሚሰጥም ምሳሌ አለ። በምጽዋ ገብቶ ኢትዮጵያን ያራቆተው የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ሁሉ ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ክትባቱ ብቻውን ይህን አላደረገም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት መርማሪዎች ወደ እረኞቹ ሰፈር እየሄዱ፥ በሽታውን ፈልገው እያጡ፥ «አልታየም» የሚለውን ቃል በእውነት እስኪጽፉ ድረስ ደክመዋል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መቅሠፍቱ የሚጀምረው መንጋው ፀሓይን በሚጋርድበት ቀን አይደለም፤ ሁሉ ጸጥ ባለበት፥ ማንም ባልፈራበት፥ መርማሪውም ምን አለና እሄዳለሁ ባለበት ዓመት ነው። በራያ የጠፋው ጤፍ የጠፋው በራያ ሰማይ ላይ አልነበረም፤ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ሰው ባልሄደበት አሸዋ ውስጥ ነው።

የጥንት ሰው የምድሩን ቢጫነት አይቶ የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ ነበረው። የዛሬ ሰው ከሄደና ካየ የወራት ማስጠንቀቂያ አለው። ይህም የሚገኘው ከሮም ወይም ከጂዳ ብቻ አይደለም። በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ ተሳላሚ፥ ከደብር ወደ ደብር የሚዘዋወር ካህን፥ ከብቱን ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ እረኛ፥ እነዚህ ሁሉ ምድሪቱን በቅርብ የሚያዩ ናቸው። በቆላ መንገድ ዳር ጥቁርና ቢጫ ሆኖ በአንድነት የሚሄድ ኩብኩባ ያየ፥ ወይም በበቆሎ እምብርት ውስጥ የማያውቀውን ትል ያገኘ ሰው፥ ስፍራውንና ቀኑን ይዞ በዚያው ቀን ለቀበሌው የእርሻ ሠራተኛ ቢነግር፥ ያች አንዲት ቃል ከብዙ አውሮፕላን ትበልጣለች። ምሕላውም ቢሆን ሰው ከመንቃት የሚያርፍበት አይደለም፤ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድር ማኅበር መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ ያውቃልና።